አልቦ

ሐርቡ ጤና ጣቢያ፣ ከጓሮው ክፍል ውስጥ፣
አንድ መዝገብ አለ፣ ጠርዙን የበላው ምስጥ።
የተረከብሁ ለት ገጽ በገጽ ገለጥሁት፣
በቢልሃርዚያው ዓምድ ክብ ብቻ አገኘሁት፤
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፤ አልቦ በአልቦ ላይ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣
አንድም ትል የለበት፣ አንድም የሆድ ሥቃይ።

የቀድሞውን ባለሙያ፣ አቶ ይመር ሽፋውን፣
"ምን ዓይነት ዱዓ ነው የጠበቀው አገሩን?"
ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁ። "አምፖሉ ተቃጥሎ፣
ሌንሱን ሻጋታ በልቶት፤ ወሩ ይደርሳል ቶሎ።
ያላየ ምን ይጻፍ? ክፍት አይላክ ቅጹ፤
ዜሮ ሞላንበት፤ አማረልን ገጹ።"

ባቲ ገበያ አልቦ ብር ሆኖ ይሸጣል፣
በሙሽራ ቁርጭምጭሚት፣ ስትራመድ ይጮኻል።
የኛው አልቦ ድምፅ የለው፤ እግራቸው ላይ ታስሮ
ቦርከና ይወርዳል ከልጆቹ ጋር አብሮ።
ቀትሩ ይፋጃል፣ መስኖው እስከ ጉልበት ይሞላል፣
ከቄጠማው ግርጌ ቀንድ አውጣ ይሳባል።
ለአልቦስ ማን ኪኒን ይልካል?

አምና በመጋቢት አዲሱ ማይክሮስኮፕ ደረሰን፣
ሦስት ሳምንት ደሴ ቁጭ ብለን ተማርን፤
ሰገራ በወንፊት፣ በሚዛን፣ በልክ፣
ዓይን እስኪቀላ ድረስ ስላይድ ላይ መንበርከክ።
ከዚያ ቤት ለቤት ዞርሁ፣ ኩባያዬን ታቅፌ።
አንሻ ይማም ሣቀች፦ "ሰው ዞሮ ማር ይለምናል፣
አንቺ ምን ነካሽና?" "እሱም ይናገራል"
አልኋት። ልጇን ጠራች።

እና አየሁት። ወርቅማ፣ ሞላላ፣
ጎኑ ላይ አንድ እሾህ፤
ዶሮ ያልጣለችው እንቁላል፣ ጉበት የሚበላ።
ከስልሳ ሁለት ልጅ፣ ሠላሳ ዘጠኙ።
አልቦ ስንላቸው የኖሩት ተገኙ።

ወረዳው ደወለ። "ሉባባ፣ ምን ነካሽ?
ንጹሕ ነበርን እኮ! በሽታ አመጣሽ?"
"በሽታስ ነበረ" አልሁ፣ "ቀድሞኝ የመጣ፤
ዘንድሮስ ዓይን ነው ከካርቶን የወጣ።"
ስልኩ ዝም አለ። ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ።
ሳይዘጋው ዘጋሁት፤ ወደ ስላይዴ ገባሁ።

ግን እኔም አልታመንም።
ከአሥሩ አንዱ ስላይድ ኮምቦልቻ ይሄዳል፣
መልኬን የማያውቅ ሰው ውጤቴን ሳያይ ያነበዋል።
ሠላሳ ሰባትን እኔ "አለ" ብዬ ነበር፣
እሱ "የለም" አለኝ። አደርሁ ስከራከር፣
ከራሴ፣ ከጣራው። ሲነጋ ሳየው ጎኑን
እሾህ የለበትም፤ አወቅሁ፣ የሽንኩርት ልጣጭ መሆኑን።
ላጲስ አላነሣሁም። አንድ መስመር ሰረዝሁ፣
ስሕተቴ እንዲነበብ ቀንና ስም ጻፍሁ፣
ሠላሳ ዘጠኙን ሠላሳ ስምንት አደረግሁ።
ወረዳው ቢሰማ "አየሽ?" ይለኝ ነበር።
ይበል። ስርዝ የሌለው መዝገብ ነው የሚያስፈራኝ ነገር።

የዝርዝሩ መጨረሻ፣ ስልሳ ሦስተኛዋ፣
ቶይባ ዑመር፣ ዘጠኝ ዓመት።
ስሟ አለ፤ ስላይድ የላት። ሦስቴ ሄድሁ ቤት፤
በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት፦ "ሆዷ አብጦ፣
አባቷ ደሴ ወስዷታል" አለኝ፣ "ጥጃውን ሸጦ።"

አቶ ይመር ቢሆኑ ክብ ያሰፍሩ ነበር፣
እጄም ለምዶት ይሁን፣ ወደ ክቡ ዞር አለ፣
ጀመረ፣ ግማሽ ጨረቃ ያህል። ያዝሁት።
ያላየሁትን ልጅ የለም አልላትም።
ጀማሬውን ሰርዤ ከጎኑ ጻፍሁበት፦
"አልተገኘችም። ትፈለግ።"

ነገ እሄዳለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ኩባያና እርሳስ።
ሣጥኗ ክፍት ናት፣ በሯ እስኪከፈት ድረስ።